በአቶ ገድሉ ቤት የተተከለው ድንኳን

ለታላቅ ሰው ታላቅ ዓላማ ይገባዋል። አንዱ ትምህርት ቤት ያሠራል፣ ሌላው ደብር ያስጠግናል፤ የባሕር ዳሩ አቶ ገድሉ ደግሞ ዓሣ ያኖራሉ። ጣና ከደጃቸው ሥር ተንጣሎ ሳለ ዓሣ በሳሎን ማኖር ምን ይባላል የሚል ምቀኛ አይጠፋም። የጣና ዓሣ ግን ማንም ጠብሶ ይበላዋል። የእሳቸው ከሩቅ እስያ የተራራ ጅረት በአውሮፕላን የመጣ፣ ከጣት የማይበልጥ፣ ሆዱን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ውሎ የሚያድር የአምባዛ ዘመድ ነው። ቀዝቃዛና ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ካላገኘ ትንፋሹ ይቆማል።

ስለዚህ በመስታወት ገንዳው ላይ ቀንም ሌትም የሚያጓራ ፓምፕ ተተከለ። ፍሪጁ ሥጋና ቅቤ አስወጥቶ ለዓሣው በረዶ ማምረት ጀመረ። የቧንቧ ውሃ ሲመጣ እልል በሚባልበት ሰፈር፣ ሮቶው በሙሉ ለዓሣው ተመደበ።

ባለቤታቸው የሻሽወርቅ ጆግ ይዛ ቀረበች።

«ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው። ትንሽ ልቅዳ?»

«የሻሽ፣ ጉዳዩን በሰፊው ተመልከችው። ልጅ ሳይታጠብ ቢውል ይቆሽሻል እንጂ አይሞትም።»

በመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ያደረጋቸው እንዲህ ያለው የሀብት አመዳደብ ጥበብ ነው። የሻሽወርቅ ግን ጥበቡ አልገባትም፤ አለቀሰች።

አንድ እሑድ መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ፤ ዓሣውም ከድንጋዩ ተላቅቆ በጀርባው ተንጋለለ። አቶ ገድሉ በሕይወታቸው ለማንም ያላሰሙትን ድምፅ አሰሙ።

«ኡኡ! አለቀብኝ! ድረሱልኝ!»

ሰፈሩ ሲጠራ የማይቀር ሰፈር ነው። የእድሩ ጥሩምባ ወዲያው ተነፋ፤ ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው፣ ሴቶቹም የለቅሶ ቤት ውሃ አይቸግረው ብለው ያጠራቀሙትን በጀሪካን ይዘው ደረሱ። አቶ ገድሉ ጀሪካኑን ሲያዩ ነፍሳቸው ተመለሰች።

«ከላይ አፍስሱ! በኃይል!»

ኀዘን ያናወዘው ሰው ለምን አይባልም። አፈሰሱ። ዓሣው ገላበጥ ብሎ ድንጋዩን ያዘ።

ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ የእድሩ ዳኛ አለቃ ዓምደ ሚካኤል ገቡ። የሻሽወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ማን አረፈብሽ?»

«ገድሉ።»

«በስመ አብ! ይኸው ገንዳው ሥር ቆሟል እኮ!»

«አለቃ፣ ልጆቹ ውሃ ሲያጡ ያልደነገጠ ሰው ዛሬ ለዓሣ ኡኡ አለ። ለእኔ ከሞተ ከርሟል። ድንኳን ካገኘሁ አይቀር ላልቅስ ብዬ ነው።»

አለቃ ብዙ አሰቡ። የእድሩ ደንብ ሟች የግድ መቀበር አለበት አይልም፤ ኀዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥ ግን ይላል። ቁጭ አሉና «ነፍስ ይማር» አሉ። ሰፈሩም ተከትሎ ተቀመጠ። አስለቃሿ የሟቹን ደግነት መደርደር ጀምራ የምትለው ስላጣች ወደ ቁመናቸው አለፈች።

ዘግይቶ ከመሸንቲ የደረሰ አንድ ለቀስተኛ ሳሎን ድረስ ዘልቆ፣ ወንበር ላይ ቆመው ከገንዳው እየቀዱ መልሰው ወደ ገንዳው የሚያንቆረቁሩ ሰው አገኘ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዜር ያጥናዎ። ሟቹ ምንዎ ነበሩ?»

አቶ ገድሉ ዞር እንኳ አላሉም።

«አላውቃቸውም ወንድሜ። ውሃ ይዘሃል?»