የካፔምብዋ ሰማያዊ ዱቄት

[ኪትዌ፣ ዛምቢያ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። የኬሚስትሪ መምህሩ ካፔምብዋ፣ ነጭ ዱቄት ያለበት መጥበሻ ላይ አፍጥጧል። የቤተ ሙከራው ጠባቂ ሽማግሌው ሲንካላ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። በአካባቢው ቋንቋ "ባ" ከስም በፊት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው።]

ካፔምብዋ፦ ባ ሲንካላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት። ሰማያዊው መዳብ ሰልፌቴ የት ገባ?

ሲንካላ፦ ይኸው ፊትዎ ነው፣ መምህር።

ካፔምብዋ፦ ይሄ ነጭ ነው።

ሲንካላ፦ አዎ፣ ነጭ ነው።

ካፔምብዋ፦ እኔ የሰጠሁዎት ሰማያዊ ነበር።

ሲንካላ፦ እሱም ልክ ነው።

ካፔምብዋ፦ ታዲያ ነጩን ከየት አመጡት?

ሲንካላ፦ ከሰማያዊው ነዋ። በዝናቡ ረጥቧል፣ ጠብታ ውሃ እንዳይቀርበት አድርገው ያድርቁት አሉኝ። እኔም ከሰል ምድጃ ላይ ጣድኩት። ደረቀ። አሁን ትንሽ ውሃ...

ካፔምብዋ፦ ውሃው ይቆይዎት። ነገ ፈተና ነው። ለአርባ ተማሪ ምን ላድል ነው? የበቆሎ ዱቄት?

ሲንካላ፦ ኧረ ይሄስ አይበላም፣ ይመርዛል።

ካፔምብዋ፦ ስማ፣ ሲንካላ።

ሲንካላ፦ "ባ"ዬም ተሰረቀች ማለት ነው?

ካፔምብዋ፦ ሌባ በአክብሮት አይጠራም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ነው። የሽግግር ብረቶች ጨው ቀለም አለው። መዳብ ሰማያዊ፣ ኒኬል አረንጓዴ፣ ኮባልት ሮዝ። ይሄ ነጭ ነው። ስለዚህ መዳብ አይደለም። ስለዚህ ሸጠኸዋል። ይሄ ሳይንስ ነው።

ሲንካላ፦ ትናንት ደጅ ስጠርግ በመስኮት ሰማሁዎት። ወርቅ ናኖ እስኪያክል ሲያንስ ይቀላል ሲሉ ነበር።

ካፔምብዋ፦ ብያለሁ። ናኖ ማለት ከፀጉርህ ውፍረት ሺህ ጊዜ የሚያንስ ነው።

ሲንካላ፦ ወርቁ ሲቀላ ታዲያ ማን ሰረቀው ተባለ?

ካፔምብዋ፦ ማንም። ያው ወርቅ ነው፣ መልኩን ነው የቀየረው።

ሲንካላ፦ ወርቅ መልኩን ሲቀይር ሳይንስ፣ የእኔ መዳብ ሲቀይር ሌብነት። ወርቅ መሆን ነበር እንጂ።

ካፔምብዋ፦ ደግሞ አንተ ስለ መዳብ ምን ታውቃለህ?

ሲንካላ፦ ምንም። ሃያ ስድስት ዓመት መዳብ ማጣሪያው ገንዳ ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። ብቻ ትንሽ ውሃ ቢፈቅዱልኝ...

ካፔምብዋ፦ አየህ? የሰረቀ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል። [ከኪሱ ወረቀት ያወጣል። አዘጋጅቶ ነው የመጣው።] ይኸው የስንብት ደብዳቤህ። የትምህርት ቤቱንም ቤት ዛሬውኑ ትለቃለህ።

ሲንካላ፦ ሚስቴ ታማ ተኝታለች፣ መምህር። በዚህ ዝናብ የት ላስገባት?

ካፔምብዋ፦ እሱን ስትሸጠው ማሰብ ነበረብህ። [መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጮሃል። ምራቁ ይፈናጠቃል።] ሌባ! ቀጣፊ! ስንቱን ሰረቅህ!

ሲንካላ፦ ትንሽ ወደ ግራ፣ መምህር።

ካፔምብዋ፦ ምን?

ሲንካላ፦ ሲጮሁ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ። ቀኙ ጥሩ ይዟል።

[ካፔምብዋ ዝቅ ብሎ ያያል። ምራቁ ያረፈበት ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። ደብዳቤውን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከታል።]

ካፔምብዋ፦ ባ ሲንካላ...

ሲንካላ፦ "ባ"ዬ ተገኘች። እግዜር ይስጥልኝ።

ካፔምብዋ፦ ያ ውሃ ሲሉኝ የነበረው... ለዱቄቱ ነበር?

ሲንካላ፦ ሁለቴ ጠየቅኩ። ምራቅዎ ለአርባ ተማሪ አይዳረስም ብዬ ነው።

ካፔምብዋ፦ [ድምፁ ተዘግቶ] እባክዎ፣ ውሃ ያምጡልኝ።

ሲንካላ፦ ለዱቄቱ ነው ለጉሮሮዎ?

ካፔምብዋ፦ ለሁለቱም።

ሲንካላ፦ [ወደ በሩ እያዘገመ] ጉሮሮው የሚደርቀው የሰረቀ ሰው ነው ብለውኝ ነበር። እስቲ ኪስዎን ይፈትሹ፣ የሚስቴን ቤት ይዘው እንዳይሆን።