እጅ ለእጅ የተያያዘ ፈረንጅ ስጠብቅ

እናንተዬ፣ ዛሬ በገዛ እጄ የሠራሁትን ስነግራችሁ «ውሸቷን ነው» ትላላችሁ።

ምነው ውሸት በሆነ!

አድሚንዬ፣ በናትሽ ስሜን ደብቂልኝ። ልጄንም እዚህ ናቲ ነው የምለው፤ ስሙ አይደለም። የጎረቤቶቼንም ስም ቀያይሬዋለሁ። እናንተ ደግሞ ፊደል ከገደፍኩ እንዳትስቁብኝ፣ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የሚያስቀው ከታች ስላለ ሳቃችሁን አትጨርሱ።

ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ይሄን ብነግራችሁ አታገኙኝም፤ እዚህ ተራ ጋቢና ነጠላ የማይሸጥ ማን አለ?

ናቲ ጋይድ ነው። ቱሪስት ይዞ አገር ያዞራል። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ በመጨረሻው ቀን መርካቶ ያመጣቸዋል። እኔ ጋ ጋቢ ይገዛሉ፣ ሻንጣቸው ውስጥ በጉልበት ይጠቀጥቁታል፣ ከዚያ ቀጥታ ኤርፖርት። እሱም እኔም የምንኖረው በዚሁ ነው።

ታዲያ ትናንት ጎረቤቴ ብርቅነሽ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ላይ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኻል። «ጌይ የሚባሉትን ብቻ የሚያስጎበኝ ድርጅት ዓለም ላይ በዝቷል! መርከብ ሙሉ ተከራይተው ይዞራሉ! ሆቴል ሁሉ ተሠርቶላቸዋል! አሁን ደግሞ ወደኛ ሊመጡ ነው! ወገኔ፣ ተጠንቀቅ!»

«ድገሚው» አልኳትና እንደገና አየሁት።

እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት ለአገር አይደለም። አገር ሰፊ ነው። የፈራሁት ለናቲ ነው። ሳያውቅ እንደዚያ ዓይነት ሰዎች ይዞ ገበያ ቢገባስ? አንዱ «እነሱ ናቸው!» ብሎ ቢጮህስ? መርካቶን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ይመታል፣ ከዚያ «ምን አድርጎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፈረንጆቹን ኤምባሲያቸው ያወጣቸዋል። ልጄን ማን ያወጣዋል? ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

«በምን ነው የሚታወቁት?» አልኳት ብርቅነሽን።

«ቀላል ነው። ወንድና ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ።»

«አንቺ ሱቅ ቢገቡስ?»

«ይግቡዋ! መጀመሪያ ይግዙ እንጂ። መጮኹ ከገዙ በኋላ ይደርሳል።»

እንግዲህ የተራችን የግብረ ገብ አስተማሪ ይቺ ናት!

ጠዋት ሱቄን ከፈትኩና በሩ ላይ ዘብ ቆምኩ። እጅ ለእጅ የተያያዘ ወንድ ፍለጋ።

በመርካቶ!

ገና ከመቆሜ ሁለት ኩሊዎች ጣት ለጣት ተቆላልፈው አለፉ። ከአንዋር መስጊድ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች የተያያዘ እጃቸውን እንደ ልጅ እያወዛወዙ መጡ። ፊት ለፊቴ ያሉት ጅምላ ሻጭ ጋሽ ሸምሱ የጓደኛቸውን እጅ ይዘው ስለ ክር ዋጋ ያወራሉ፤ ክርክሩ በጠነከረ ቁጥር የሰውየውን መዳፍ ያሻሉ። ይባስ ብሎ ጥበቃ የሚዞሩት ሁለት ፖሊሶች ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ዘና ብለው አለፉ።

«ብርቅነሽ! ይሄን ሁሉ ሕዝብ ምን ላድርገው?»

«አንቺ ደግሞ! እነዚህ የኛ ናቸው። እኔ ያልኩሽ ፈረንጅ ሲያያዝ ነው!»

እሺ። ገባኝ። የኛ ሲሆን ወዳጅነት፣ የፈረንጅ ሲሆን ጉድ።

ረፋዱ ላይ ናቲ እንግዶቹን ይዞ ብቅ አለ። አራት ወንዶች። አንዲት ሴት እንኳ አልቀላቀለም!

ሁለቱ ፂማቸውን የተላጩ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ደህና ሰዎች ናቸው። አንደኛው ረጅም፣ አንደኛው አጭር። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ መሀላቸው ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው ነው የሚሄዱት። ረጅሙ ብቻ በየመሀሉ ዞር እያለ አጭሩ እንዳልጠፋ ያያል። «ወንድማማች ናቸው፣ ያኑራቸው» አልኩ በልቤ።

ሌሎቹ ሁለቱስ?

ፂማሞች። ባርኔጣ አድርገዋል። አንደኛው ጥቁር መነፅር ሰክቷል።

እጅ ለእጅ ተያይዘዋል!

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እግሬ ነው የሠራው። ራሴን መሀላቸው አገኘሁት። «ልቀቅ! ልቀቀው! ልጄን ልታስገድሉ ነው?» እያልኩ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። ቡጢ የገጠሙ ሰዎችን የሚገላግል ዳኛ ነበር የምመስለው።

ባለ መነፅሩ እጁን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ ፈለገ። ሌላኛውን እጅ አላገኘውም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፣ የቆመ ጋሪ ጉልበቱን መታውና በግንባሩ ተደፍቶ በር ላይ ያለው የጋቢ ቁልሌ ውስጥ ገባ።

እግሩ ብቻ ነው የቀረው ውጪ።

በመርካቶ ፈረንጅ ጋቢ ውስጥ ሲቀበር ምን እንደሚሆን ገምቱ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው! «ምን ተፈጠረ?» «ፈረንጅ ሰርቆ ነው!» «ኧረ እሷ ናት የመታችው!» ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ከመሀል አንድ ወፍራም ድምፅ፣

«እነዚያ የተባሉት ናቸው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ናቲን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። አራቱንም ከኋላው ለማድረግ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

ቆይ ልንገራችሁ። ከትናንት ጀምሮ የፈራሁት ይቺን ደቂቃ ነበር። ሰው እንዳይጮህ ስል የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይሰበሰብ ስል የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ከቪዲዮው ሰውዬ በላይ ለልጄ ጠላት የሆንኩት፣ ያውም ሱቄ በር ላይ፣ እኔ የገዛ እናቱ!

ጭንቅላቴ ምንም አላመጣም። አፌ ግን የነጋዴ አፍ ነው፤ ቀደመው።

«የምን እነዚያ ነው የምትሉት? ደንበኞቼ ናቸው! ብርቅነሽ ወደ ሱቋ ልትጎትታቸው ስትል ቀደምኳት! ምን አገባችሁ?»

ገበያው ተነፈሰ። ደንበኛ መጎተት ነው ለካ! ይሄንንማ ማን አያውቀውም? ሸማ ተራ ገብቶ እጅጌው ያልተጎተተ ሰው የት ይገኛል?

«አይ እሷ! ክንዱን ገንጥላ ልትሸጥለት ነበር!» አለ አንዱ።

ጋሽ ሸምሱ ከማዶ፣ «ተዋት ተዋት! እሷ እኮ ሰይጣንም ቢመጣ ጋቢ ሳታለብሰው አትለቀውም!»

ሳቁ፣ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ ተበተኑ። ያልተበተነችው ብርቅነሽ ናት። ወገቧን ይዛ፣ «እኔን ነው ደንበኛ ነጣቂ ያልሽኝ? እኔን? በጾም?» ብላ የወረደችብኝን ውርጅብኝ እዚህ ብጽፈው አድሚኗ ታግደኛለች።

እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገባኋቸውና ናቲ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እማዬ፣ አባትና ልጅ ናቸው።»

«እነማን?»

«የለያየሻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው በደንብ አያይም። ልጃቸው ነው እየመራ የሚያስጎበኛቸው።»

በሉ እንግዲህ! እኔ ሴትዮዋ፣ ማየት የተሳናቸውን አባት ከመሪ ልጃቸው እጅ ነጥቄ ጋሪ ላይ የወረወርኩ ጀግና! ሁለቱም ፂም ስላላቸው እድሜያቸውን አላየሁም። የፈረንጅ እድሜ ደግሞ ከፂም በታች አይታወቅም!

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ሽማግሌው የሆነ ነገር አሉ። ናቲ ተረጎመው። «እዚህ አገር ደንበኛ እንዲህ ከሆነ የሚያዘው፣ የማይገዛውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ነው። ይስቃሉ ደግሞ! ሳቃቸው ከስድብ የባሰ አቃጠለኝ።

ጉልበታቸው ተልጦ ይደማል። እኔ ጨርቅ ስፈልግ አጭሩ እንግዳ፣ ያ ደህናው፣ ተንበረከከ። ከቦርሳው እርጥብ ሶፍት አውጥቶ ቁስሉን እንደ እናት እፍ እያለ ጠረገላቸው። ረጅሙ ከአጠገቡ ውኃ ይዞ ቆመ። አጭሩ እጁን ሲዘረጋ ረጅሙ ሳይጠየቅ የሚፈልገውን ያቀብለዋል። አይነጋገሩም እኮ! አንድ ሰው አራት እጅ ያለው ነው የሚመስሉት።

እንባዬ መጣ። «እንዲህ ያለ ወንድማማችነት በኛም አገር በነበረ!» አልኩ። ከሱቄ የመጨረሻውን ለስላሳ ጋቢ አወረድኩ። ሁለቱን አጠጋግቼ አቆምኩና በአንድ ጋቢ ጠቀለልኳቸው።

ከዚያ መረቅኳቸው።

መመረቅ ስጀምር ደግሞ እኔን የሚያቆመኝ የለም። «አያለያያችሁ! አንዱን ያለ አንዱ አያስቀራችሁ! ጎጇችሁ ይሙቅ! እንደተደጋገፋችሁ አብራችሁ አርጁ!»

ናቲ ወደ በሩ አየ።

«ተርጉምላቸዋ!»

«እማዬ፣ ይቅር...»

«ምርቃት አይቋረጥም! ተርጉም!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። አጭሩ መሬት መሬት አየ። ረጅሙ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ናቲ ያስተማራቸውን በተሰባበረ አማርኛ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ «አሜን» አሉ።

እኔም «ይኸው፣ የሚያምር ሥራ ሠራሁ፤ ኃጢአቴን አጠብኩ» ብዬ ቀና አልኩ። ጋቢውን ገዙ፣ ሽማግሌውም ገዙ፣ ሸኘኋቸው። አሁን ይሄን ስጽፍ አራቱም ደመና ላይ ናቸው። ለዚህ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ቢሆኑማ ትንፍሽ አልልም ነበር።

ናቲ ከኤርፖርት ሲመለስ ሱቄን ልዘጋጋ ነበር።

«ወንድማማቾቹ ምን አሉ ታዲያ?» አልኩት።

«ወንድማማቾች አይደሉም።»

«ያጎት ልጆች ናቸው?»

«አይደሉም እማዬ።»

«የሥራ ጓደኞች?»

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «አብረው ነው የሚኖሩት። ከወጣትነታቸው ጀምሮ። አንቺ 'አብራችሁ አርጁ' ስትያቸው እኮ አርጅተው ጨርሰዋል።»

ተቀመጥኩ። የት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ብቻ ለስላሳ ነበር።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ናቲ እንዳለኝ እውነትም ዓለም ላይ ለእነሱ የሚሆን ጉዞ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ሆቴሉም አየር መንገዱም ይሻማባቸዋል። እዚህ ግን ሕጉ አይፈቅድም፣ ሰውም አይፈቅድም፣ ስለዚህ እንደ ጓደኛሞች ይመጣሉ። ሁለት ክፍል ይይዛሉ። መንገድ ላይ ተራርቀው ይሄዳሉ። ያ ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ትዝ አላችሁ? እኔ ጨዋነት የመሰለኝ? ፍርሃት ነበር። በዚህ ሁሉ ገበያ እጅ ለእጅ ያልተያያዙ ወንዶች እነሱ ብቻ ነበሩ!

አሁን «ምርቃቱን አንሺው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሃይማኖቴ የሚለውን አልረሳሁም፤ አትስበኩኝ። ግን አንድ ነገር ስሙኝ። እኔና ባሌን ሠርጋችን ቀን ስንት ሽማግሌ ቆሞ፣ ስንት ቄስ ተሰልፎ «አያለያያችሁ» ብሎ መርቆናል። ሰውዬው ናቲ ጥርስ ሳያበቅል ሌላ ሴት ይዞ ጠፋ። እነዚህ ደግሞ ማንም ሳይመርቃቸው እስከ ሽበት ደረሱ። ምርቃቱን ላንሳው ብል እንኳ የቱን ነው የማነሳው? የኔ የሠርግ ምርቃት የት እንደገባ ነው መጀመሪያ መጠየቅ ያለብኝ!

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ናቲን። «ብትነግረኝ እኮ...»

ብትነግረኝ ምን? ታዲያ ምን ላደርግ ነበር?

ናቲ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስፈራ የነበረው ገበያውን ነው» አለኝ። «ኩሊውን፣ ፖሊሱን፣ ቪዲዮ የሚቀርፀውን፣ ሁሉንም አሰብኩ። ያንቺ በር ላይ ስንደርስ 'ተመስገን፣ ገባን' ብዬ ነበር።»

የታጠፈውን ጋቢ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ከዚያ ቦርሳውን አነሳ። ነገም እንግዶች አሉት።

«ጋቢ በጠዋት ላዘጋጅ?» አልኩት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለማስመሰል።

«አይ፣ ነገ በሌላ ተራ በኩል ነው የማስገባቸው» አለ። «እዛ ይሻላል።» ግንባሬን ሳመኝና ወጣ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ኩሊ፣ ይሄን ሁሉ ዱላ፣ ይሄን ሁሉ አፍ የያዘ መርካቶ ውስጥ ልጄ «አደገኛ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሱቅ የእናቱ ሆነ። ልጠብቀው ዘብ የቆምኩትስ እኔ አይደለሁም እንዴ?

እስቲ እናቶች፣ እናንተ ልጃችሁን የምትጠብቁት ከማን ነው? በሩ ላይ ከመቆማችሁ በፊት አንድ ጊዜ መስታወት አይታችኋል?