ይመጣል የተባለው ልጅ

ስም በሰሙ ቁጥር ምሥጢር የሚፈልጉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? በደርግ ዘመን፣ እዚህ ቦሌ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ጎረቤቴን ጌታቸውን «የእነማን ጌታ?» ብለው ግማሽ ቀን አቁመውታል።

እኔም አራስ ልጄን ታቅፌ ላስመዘግብ ሄድኩ። ስሙ «ይመጣል» ነው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥተን ስንኖር ባለቤቴ «አይዞሽ፣ ይመጣል» እያለ ያጽናናኝ ነበር። ልጁ ሳይወለድ እሱ ሞተ፤ ቃሉን ለልጁ ስም አደረግኩት።

ሊቀ መንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ማን ነው የሚመጣው? በየት በኩል?»

«ልጁ ነዋ፣ ጓድ። ይኸው መጥቷል።»

«ከመጣማ መጣ በዪው! ይመጣል ካልሽ ሌላ የምትጠብቂው ሰው አለ ማለት ነው።»

የባለቤቴን ቃል ሊሰርዙብኝ ነው። ምን ልበል? ድንገት የራሳቸው ስም ትዝ አለኝ።

«ጓድ ጠብቀው፣ እርስዎስ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

ጸሐፊዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሊቀ መንበሩ በሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ ማኅተሙን ቶሎ መቱት።

እውነት ለመናገር ግን ጥርጣሬያቸው መሠረት ነበረው። ልጄን «ይመጣል!» ብዬ በጠራሁ ቁጥር፣ አባቱ የሚገባ እየመሰለኝ ዛሬም በሩን አያለሁ።