ሚኒባስ መርማሪው አቶ እሸቴ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ብቻውን የሄደ ሰው የለም። ገንዘቡንና ሾፌሩን ይይዛል፤ በዚያ ላይ መኪና ኖሮት የማያውቅ አንድ የመኪና አዋቂ ያስከትላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ሰበታ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ እሸቴ ናቸው።

ጎረቤታቸው የሺሃረግ ባሏ ከሞተ በኋላ ፉሪ ከነበራት ቦታ ግማሹን ሸጠች። ሐሳቧ ሚኒባስ ገዝታ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ወንድሟ ሰለሞን ታክሲ እንዲሠራበት ነው። ሌላ ጥሪት የላትም። ብልሽት ያለባት መኪና ከገዛች ቀሪው ቦታ ደግሞ ለጋራዥ መሄዱ ነው። አቶ እሸቴን አብረውኝ ይምጡ ልትላቸው ብትሄድ፣ ወሬውን ቀድመው ሰምተው ኖሮ ካፖርታቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

የመጀመሪያዋን ሚኒባስ እዚያው ሰበታ አዩ። አቶ እሸቴ እንደ ሐኪም መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። የሚሸጥ መኪና በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቀዝቅዞ ነው የሚታየው፤ ሻጭ አስቀድሞ ካሞቀው የሚደብቀው አለ።

«ሞቋል» አሉ።

«ፀሐዩ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለ ደላላው ቢንያም።

ዝናብ እየዘነበ ነበር።

«ይቺ ነገር አላት» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አቶ እሸቴ ይህን ካሉ ይግባኝ የለም።

ቡራዩ ያለችው ቀዝቃዛ ነበረች። «ባዶዋንማ ማንኛዋም ትሄዳለች። ሰው ተጭኖባት ዳገት ስትወጣ ነው ጠባይዋ የሚታወቅ» አሉና፣ ለቅሶ ሊደርሱ መንገድ ዳር የቆሙ እናቶችን በነጻ እናደርሳችኋለን ብለው አሳፈሩ። ዳገቱን አንዴ አስወጧት። ድምጿ አላማራቸውምና መልሰው አስወጧት።

«አባቴ፣ ቀብሩ እኮ አለፈን» አሉ አንዷ ከኋላ።

«እኔም የምሰማው የዚችን ሞተር ፍታት ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ የምትሸጥ ሚኒባስ ሊፈትኑ ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ሲያስወጧት፣ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች በጎን አልፈዋቸው ሄዱ። አቶ እሸቴ ሯጮቹን በጣታቸው አሳይተው ወረዱ።

በዚህ መሃል የመኪና ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ የየሺሃረግ ገንዘብ ግን ባለበት ነው። ሰለሞን ተማረረ። «እህቴ፣ ሰውዬውን ጃፓን ወስደን ፋብሪካው በር ላይ ካላቆምናቸው አንገዛም።»

«እዚያስ ቢሆን» አለች የሺሃረግ።

በመጨረሻ ሱሉልታ ኦቦ ኪሩ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ደረሱ። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንደምን አደሩ፣ ተባብለው ወደ መኪናዋ ሄዱ። ኮፈኑ በረዶ ነው። አቶ እሸቴ መነጽራቸውን ሳያወጡ ኦቦ ኪሩ ጀመሩ።

«ሁለተኛ ማርሿ ያስቸግራል። በግራ ጎኗ ተገጭታለች፣ እኔ ነኝ ያስቀባኋት። በሯን ከፍ አድርገው ካልሳቡት አይዘጋም።»

አቶ እሸቴ ሥራውን እንደተቀማ ሰው አፈጠጡባቸው። «ሌላስ?»

«እኔ የማውቀው ይኸው ነው።»

አቶ እሸቴ ከሥሯ ገቡ፤ ወጡ። ሰው አስጭነው ዳገቱን አስወጧት። ማርሹ እንደተባለው አስቸገረ፤ ከተባለው ውጭ ግን ምንም አላገኙም። ኦቦ ኪሩ ስለ ማርሹ እንደገና ሊያስረዱ ሲሉ አቶ እሸቴ ተቆጡ።

«ኦቦ ኪሩ፣ ምነው የገዛ መኪናዎን እንዲህ ያሟታል? እርስዎስ ዳገት ሲወጡ ጉልበትዎ አያስቸግርዎትም?»

ሰለሞን ፊቱን አዙሮ ሳቀ። የሺሃረግ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ጎን ሳበቻቸው።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ልግዛት?»

«አየኋት እኮ፣ አልኩሽ።»

«ማየትዎንማ አይቻለሁ። ግዢ ወይም አትግዢ ይበሉኝ።»

በዚያ የሱሉልታ ብርድ የአቶ እሸቴ ግንባር ወረዛ። «የሺዬ፣ አትግዛ ያልኩት ሰው ተመልሶ ወቅሶኝ አያውቅም። ግዢ ብዬሽ መንገድ ላይ ብትቆምብሽስ? በደጅሽ በየት በኩል አልፌ ቤቴ እገባለሁ?»

የሺሃረግ ይህን ሁሉ ሳምንት የተናደደችባቸውን ሰው አየቻቸው። ካፖርታቸው ከመኪና ሥር ባነሡት ጭቃ ተለውሷል።

«ከቆመች አብረን እንገፋታለና፣ ጋሼ።»

አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ግዢያት» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ።

ከዚያ ወዲህ ሰለሞን በየማለዳው ሞተር ሲያስነሣ አቶ እሸቴ አጥሩ ጥግ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይቆማሉ። መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ፣ ማንንም ደህና አደራችሁ ሳይሉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ባለፈው ጉንፋን ጥሏቸው ቀሩ። ሰለሞን ቁልፉን ሊያዞር ሲል እህቱ «ቆይ» አለችው። ስልክ ደወለችላቸውና፣ ሞተሩ ሲነሣ ስልኩን ወደ ኮፈኑ አስጠግታ ያዘች።

አቶ እሸቴ ብዙ አዳመጡ። ሳሉ። እንደገና አዳመጡ።

«ሰለሞንስ ቁርስ በልቷል?» አሉ።