የአዝማሪው ደብተር

«ዘፋኝ የራሱ ድረ ገጽ ይኑረው፤ አድናቂዎቹ በመሀል ሰው ሳይገባ ያግኙት» ሲባል ስሰማ ራሴን እነቀንቃለሁ። ልክ ነው እኮ። በሰው ደጃፍ የሚፈለግ ሰው ባለ ደጃፉ እንዳለው ይሆናል። እኔ ይህን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በአንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ነው።

ታደሰ የሚባል ማሲንቆ መቺ ወዳጅ ነበረኝ። ለሰርግ የፈለገው ሁሉ የሚጠይቀው ጠጅ ቤት ነበር፤ ባለ ጠጅ ቤቱም «ታደሰ ታሟል» እያለ የገዛ አማቹን ይልካል። የራስህ ደብተር ይኑርህ አልኩት፤ መምህር ነኝና መፍትሔዬ ሁሉ ደብተር ነው። በአንኮበር መንገድ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ አስቀመጥነው። የወደደው ሁሉ ስሙን፣ አገሩን፣ የሰርጉን ቀንና እንዲዘፈንለት የሚሻውን ግጥም ይጽፍበት ጀመር፤ ከአሊዩ አምባ፣ ከጣርማ በር ሳይቀር። መጻፍ ለማይችል እኔ እጽፋለሁ። ታደሰም ከሰርግ ሰርግ ይዞር ጀመር።

መቼም ታውቃላችሁ፣ አዝማሪ የሚያውሰው ጉሮሮውን ነው፤ ግጥሙ የሰጪው ነው። ሰጪ ደግሞ ስሙ እንዲታወቅለት ይወዳል። የሰላ ድንጋዩ ገበሬ ጋሽ ይርጋ አንድ ቀን ይህን አስጻፉኝ፤ ከሥሩም ስማቸውን አሰፈርኩ፤

ልጄን ወሰዱብኝ ገና ሳይጎለምስ፣
መሬቴን ማን ያርሳል እሱ እስኪመለስ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በቀለም የተጻፈ ደግሞ ቀበሌ ነው። ታደሰ ግጥሙን በአንድ ሰርግ ላይ ባዜመ በሦስተኛው ቀን ሁለታችንም ከነደብተሩ ተጠራን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግጥሙን ማን እንደሰጠ ጠየቀ። ታደሰ የራሴ ነው አለ። ሊቀመንበሩ አላመነም፤ ደብተሩን ይገልጥ ጀመር። ይህን ሰው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኩት እኔው ነኝ። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ያነባል። በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር የሰው ደብዛ ይጠፋ ነበር። ጋሽ ይርጋ እስር ቤት ሲገቡ ታየኝ። «የሰጠሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ?

ጣቱ ግጥሙ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ላይ ተመለሰና እንደገና አነበበው። ከዚያ ወደ ስሙ ወረደ፤ እዚያም ብዙ ቆየ። ታደሰ ማሲንቆውን ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

«ጓድ መምህር፣ ጽሑፍህ አይነበብም» አለኝ፣ ደብተሩን አጥፎ እየመለሰልኝ። «ሁለተኛ ስም አታስጽፍ። ቀንና አገር ይበቃል።»

ስንወጣ ታደሰ የሊቀመንበሩ የበኩር ልጅም ባለፈው የውትድርና ዙር መወሰዱን ነገረኝ። እኔ አላወቅሁም ነበር። ልብስ ሰፊው ዘንድ ቁጭ ብለን ስሙን ሁሉ በምላጭ ፋቅን፤ ሰርገኛው ግን ታደሰን ማግኘቱን አልተወም።

ስንቱን ፊደል አስቆጥሬያለሁ። አልተነበበልኝም በማለቱ የኮራሁበት ተማሪ ግን እሱ ብቻ ነው።