ከፒያሳ የተገዛ የጠላቂ ባትሪ

ጎንደር ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብታችሁ፣ ውኃ ውስጥ የሚያበራ ባትሪ አለ ወይ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። የመጀመሪያው ባለሱቅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ ምነው፣ መብራት ሲጠፋ ነው እንዴ ገላህን የምትታጠበው አለኝ። ሁለተኛው ሐይቅ ውስጥ ልገባ ነው ስለው፣ ዓሣ እስከ ዛሬ በጨለማ ኖሮ ምን ጎደለበት ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አልፈርድባቸውም። ደጋ ላይ ቆሞ የጠላቂ ባትሪ የሚፈልግ ሰው ባይሳቅበት ነበር የሚገርመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ ጅቡቲ ወደብ የመርከብ ሆድ አጸዳ ነበር። የአየር ሲሊንደር አዝዬ ባሕር ውስጥ መዋል እንጀራዬ ነበር። ዛሬ አዘዞ እኖራለሁ፣ የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። የመጥለቂያ ዕቃዬን ግን አልሸጥኩትም። ስለዚህ ጣና ውስጥ አንድ ነገር ሲሰምጥ ለእኔ ይደወላል።

ያን ሰሞን የደወሉት አያ ይርጋ ናቸው፤ ጎርጎራ የሚኖሩ አንጋፋ ዓሣ አስጋሪ። የጀልባቸው ሞተር የታሰረበት እንጨት በስብሶ ኖሮ፣ ሞተሩ ተገንጥሎ ሰምጧል። «መቅዘፊያ የሚይዝ ክንድ የለኝም፤ እሱ ከቀረ እኔም ቤት መቅረቴ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ልቤን ነካው። የእኔ የድሮ ባትሪ ደግሞ ውኃ ገብቶት ከሞተ ቆይቷል። ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን አለ አይደል?

ሦስተኛው ሱቅ የሰናይት ነው። ሰናይት የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ናት፤ አትስቅም፣ ትጠይቃለች። ስንት ሜትር ነው የምትገባው አለችኝ። ደስ ብሎኝ ትምህርት ጀመርኩላት። ዝናብ የማይጎዳው ባትሪ ሌላ፣ የሚጠልቀው ሌላ መሆኑን ነገርኳት። ካርቶኑ ላይ የጥልቀቱ ሜትር መጻፍ አለበት። ክዳኑ የጎማ ቀለበት ይኑረው። ማብሪያው ጓንት ባደረገ እጅ ይታዘዝ። ከሁሉም በላይ ግን ብርሃኑ ይብዛ አልኳት።

አንድ ደንበኛ አዝዟቸው ሳይወስዳቸው የቀሩ ሁለት ባትሪዎች ከመደርደሪያው ጀርባ አወጣች። አንዱ ዘነዘና ያክላል፤ ሲበራ ማዶ ያለውን ካፌ ግድግዳ አነጣው። ሌላው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ብርሃኑም ቀጭን ነው። ሁለቱም ከአዲስ አበባው ዋጋ ይረክሳሉ። የወለል መወልወያ ባልዲዋ ውስጥ ነክረን ብንጠብቅ አንዱም ውኃ አላስገባም። ትልቁን ያዝኩ። ሰናይት ግን፣ ትልቁ ቢጠፋብህ እታች ማን ያበራልሃል አለችኝ። የጠላቂ ሕግ እኮ ነው፤ ሁለት ብርሃን ሳይዙ አይገባም። ከባለሱቅ መስማቴ ቢያሳፍረኝም ትንሹንም ጨመርኩ።

በማግስቱ ጎርጎራ ነበርኩ። ወገቤ ላይ ገመድ አሰርኩ፤ ጫፉን አያ ይርጋ ጀልባው ላይ ሆነው ያዙ። ትልቁን ባትሪ አበራሁና በኩራት ወረድኩ።

ሊማሊሞ ላይ ጉም ውስጥ ረዥሙን መብራት የሚያበራ ሾፌር ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ? ነጭ ግድግዳ። እኔንም የገጠመኝ እሱ ነው። የጅቡቲ ባሕር ጥርት ያለ ነበር፤ የዚያን ቀን ጣና ግን ጉሽ ጠላ ሆኗል። ብርሃኑ ደለሉ ላይ እያረፈ ወደ ዓይኔ ይመለሳል። የገዛ እጄን እንኳ አጣሁት። ወለሉ ላይ ስደርስ ቁርጭምጭሚቴን አንድ ነገር ያዘኝ። ብጎትት ጠበቀ። ደግሜ ብጎትት ሌላውንም እግሬን ጠቀለለው። አሮጌ መረብ ነው። ትንፋሼ ፈጠነ፤ ሲሊንደር ላዘለ ሰው ደግሞ ከመረብ የባሰ ጠላቱ ያ ነው፤ አየሩን ቶሎ ይጨርስበታል።

መንፈራገጤን ተውኩ። ትልቁን አጠፋሁና ትንሹን አወጣሁ። ክንዴን ወደ ጎን ዘርግቼ ባበራው፣ ቀጭኑ ብርሃን ደለሉን እንደ መርፌ ሰንጥቆ አለፈ። የሚያሳየው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ግን እያንዳንዱን ክር አየሁ። በቢላዬ አንድ በአንድ ቆረጥኩና እግሬን አወጣሁ። ከዚያ ገረመኝ፤ መረቡ ምን ይዞት ነው እንዲህ የተወጠረው? ክሩን ተከትዬ ብሄድ ሞተሩ ላይ ደረስኩ፤ መረቡ ውኃ በሚገፋው መዘውሩ ላይ ተጠምጥሟል። ገመድ አሰርኩለትና ወጣሁ።

ሞተሩን ተጋግዘን ጀልባው ላይ ስናወጣው፣ አያ ይርጋ እንደ ታመመ ልጅ በጋቢያቸው ጫፍ አበሱት። እኔ ግን ትንሹን ባትሪ ከፍ አድርጌ፣ የብርሃን ብዛት ከንቱ መሆኑን፣ ትልቅ ባትሪ የሚገዛ ሰው ሞኝ መሆኑን ረዥም ስብከት ሰበክሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ የሞኙን ባትሪ እንግዲህ ለእኔ ስጠኝ። እኔ የምሠራው ከውኃው በላይ ነው» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። አሁን የሳቸው ጀልባ በጨለማ ስትመጣ ከማዶ ትታያለች አሉ።