ለራሳቸው የማያዳሉት እትዬ ዕጣ

የሰው ዕድል የሚያነብ ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፤ ለሌላው ሲሆን ዳኛ ነው፣ ለራሱ ሲሆን ጠበቃ። ከዚህ በሽታ ነፃ የሆነ ካርታ አንባቢ እስካሁን አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ በእኛ ሕንፃ በኩል አላለፈም።

በእኛ ሕንፃ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ዕጣ ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ተከራዮቹ ነን። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ጭንቅላት የሌለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አላቸው። አሻንጉሊቱ ከደንበኞቻቸው ሁሉ የሚመርጡት ነው፤ አይከራከርም።

ካርታው ታሮት የሚባለው፣ ሥዕል ያለበት፣ ከቁማር ካርታ ተለቅ የሚለው ነው። አንዲት ደንበኛ ልታስጠብበው ባመጣችው ካፖርት ኪስ ውስጥ ረስታው ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ካፖርቱ እስካሁን ተሰቅሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ካርታው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ጀመረ።

ለሌላ ሰው ሲያነቡ የእትዬ ዕጣ ምላስ ከመቀሳቸው ይብሳል። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት አንድ ቀን ወረደችና፣ አገባሻለሁ እያለ ስለሚያመላልሳት ሰው ጠየቀቻቸው። አንድ ካርታ መዘው አዩና መልሰው አስቀመጡት።

«አያገባሽም።»

«እንዴ እትዬ! ገና አንድ እኮ ነው የመዘዙት።»

«ለእሱ አንድ ይበቃዋል።»

ጎረቤቴ የሒሳብ መምህሩ ደግሞ ፀሐይ የተሳለባት ካርታ ወጣችለት። ማንም የሚመኛት ካርታ ናት፤ ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዙት። «ቆይ፣ የት ትሄዳለህ? ይቺ ፀሐይ መላጣ ላይ ነው የምትወጣው። ኮፍያ ግዛ።» በዓመቱ ኮፍያ ገዛ። ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ሱሪ ለሚያሳጥር ሁሉ ይነግራሉ።

ለራሳቸው ሲሆንስ? ለራሳቸው ሲሆን መጀመሪያ ይምላሉ። «እኔ ለራሴ አላደላም! ካዳላሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ከዚያ ይመዛሉ። የመጣችው ካርታ ካልጣመቻቸው «ይቺ ለሙከራ ናት»። ሁለተኛዋ ካልጣመቻቸው «ንፋስ ገባ፤ በሩን ዝጋልኝ»። ሦስተኛዋ ከባሰች ጥፋቱ የኔ ነው፤ «አንተ ቆመህ ስታየኝ እንዴት ይወጣልኛል?»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ወደ ክፍላቸው መመላለስ የጀመረ ሰሞን የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። የሰውየው የሸሚዝ ቁልፍ በየሳምንቱ ይበጠስ ነበር። ጤነኛ ቁልፍ እንዲያ አይበጠስም። እትዬ ዕጣም ስለ ሐሳቡ ካርታውን ጠየቁ። በአንድ እግሩ ቁልቁል የተንጠለጠለ ሰው ወጣ።

«መጥፎ አይደለም እትዬ?» አልኳቸው።

«አንተ ምን ታውቃለህ? እግሩን አስሬዋለሁ ማለት ነው። ከእንግዲህ የትም አይሄድም።»

በወሩ ዕቃውን ጠቅልሎ ልጁ ወዳለችበት ከተማ ሄደ። ለማጽናናት ስወርድ የስፌት መኪናቸውን ዘይት እየቀቡ አገኘኋቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «ካርታው ልክ ነበር» አሉኝ። «ሰውየው ነው የተሳሳተው።»

ከዚህ በኋላ ፋርማሲስቷ፣ የራሷን ቂም ረስታ፣ ትምህርት ልትሰጣቸው ሞከረች። «እትዬ፣ ለራስዎ ሲያነቡ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይቁጠሩት። ከራስዎ ወጣ ብለው ይዩት።» ሐሳቡ በጣም ጣማቸው። እንደ ምሳሌ ሳይሆን ቃል በቃል ወሰዱት። በማግስቱ የካናቴራዬን እጅጌ ላስጠግን ስወርድ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሳቸው ብቻቸውን ሁለት ሆነው ደረስኩ።

በደንበኛዋ ወንበር ተቀምጠው፣ «እንደምን ዋሉ?» አሉ።

ተነሥተው ጠረጴዛውን ዞሩና በአንባቢዋ ወንበር ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ላንብብልዎ?»

ካርታ መዘዙ። ፊታቸው ጠቆረ። «እሜቴ፣ ልደብቅዎት አልችልም። ሦስት ሰይፍ ልብ ላይ ተሰክቷል።»

ዞረው ሄዱ። «እስቲ እንደገና ይዩልኝ፤ ደህና ሰው ነኝ እኮ።»

ተመልሰው መጡ። «ለእርስዎ ከሆነማ ግዴለም።»

የሰይፉ ካርታ ወደ ጥቅሉ መሃል ገባ፣ ሌላ ተመዘዘ። ዳኛና ተከሳሽ በአንድ ገላ ሲያድሩ ጉቦ መንገድ አይጠፋትም። ሳቄን ለመዋጥ እጅጌዬን ነክሼ ወደ ላይ ወጣሁ።

ቀልዱ የቀነሰው መምህሩ ሱሪውን ሊያሳጥር የሰጣቸው ጊዜ ነው። ሱሪው ሲመለስ አንደኛው እግር ከታች ተሰፍቶ ተዘግቷል። «በብርድ ታመሰግነኛለህ» ብለው ቢሸኙትም እኔና ፋርማሲስቷ ተያየን። ለካ በደረጃው የሚያልፈውን ሁሉ «እስቲ ይቺን ክር በመርፌ አስገባልኝ» የሚሉት ለወግ አልነበረም። ፋርማሲስቷ እየጎተተች ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። በሁለቱም ዓይን ሞራ ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፣ ከዘገየ ግን ይከፋል ተባሉ።

«አስቤበት እመለሳለሁ» አሉ ሐኪሙን። ማሰብ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ከየት ይወቅ!

እኔ ደግሞ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የተንጠለጠለውን ሰው ሙሽራ ያደረጉ ሴት ለአንድ ቀዶ ሕክምና በጎ ካርታ ያጣሉ? አላጡም። ያቺ የመምህሩ ፀሐይ ራሷ ወጣችላቸው። ካርታዋን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩና፣ «ፀሐይ ዓይን ታጠፋለች» ብለው ገለበጧት። የሞላ ጽዋ ወጣ፤ «የሞላ ነገር ይደፋል» አሉ። አክሊል የደፋች ንግሥት ወጣች፤ «ዓይኗን ጨፍናለች፣ አታይም?» አሉኝ። ንግሥቲቱ ዓይኗን እንደ ጉጉት አፍጥጣ ነበር። ያ ሁሉ የጥብቅና ችሎታ ከሳሽ ሆኖ ተነሣባቸው።

«እትዬ፣ ፈሩ እንዴ?»

«እኔ? ፈሪ ለእናቱ!» አሉ። እጃቸው በመኪናው ላይ የተጋደመውን ጨርቅ እያስተካከለ ቆየ። «እናቴንም ቀላል ነው ብለዋት ነበር። ከዚያ በኋላ እኔን የምታውቀኝ በመዳፏ ነበር። ፊቴን ትዳብስና፣ ዛሬ ቅር ያለሽ ነገር አለ ትለኛለች። አለመሳሳቷ ነው የሚገርመኝ።»

ካርታውን በውዘው ሙሉውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ምዘዝልኝ። የአንተ እጅ አያዳላም፤ ምንም አታውቅም።»

ለዚህ አድናቆት አመስግኜ መዘዝኩ። መብረቅ የመታው ግንብ ወጣ፣ ከአናቱ ሰዎች ቁልቁል ሲወድቁ። ይህን ሁሉ ዓመት በራቸው ላይ ስቆም ተምሬ፣ ከካርታው ሁሉ የባሰችው እሷ እንደሆነች አውቃለሁ።

«ምንድን ናት?» አሉኝ። ካርታዋን ከፊታቸው ይዣት ነበር። አላዩዋትም።

«ኮከብ ናት» አልኩ።

«ኮከብ?»

«ትልቅ ኮከብ፤ ከሥሯም ውኃ አለ።»

እጃቸውን ዘርግተው ካርታዋን ከጣቶቼ ወሰዱና ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «የኮከቧ ጥግ ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጥጓ የታጠፈችው የግንቡ ካርታ ናት። ለምን ዋሸኸኝ?»

«እንዲያዩ ስለምፈልግ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። አልጠበቅኩትም፤ እሳቸውም አልጠበቁትም። አሻንጉሊቱ እንኳ የደነገጠ መሰለኝ። «ፋርማሲስቷ ብትሆን፣ ሐኪም ዓይንሽ ይድናል እያላት እዚህ ተቀምጣ ካርታ ይምዘዙልኝ ብትልዎ፣ ምን ይሏት ነበር? ይንገሩኝ እስቲ!»

እትዬ ዕጣ ዞረው ወደ አንባቢዋ ወንበር ሄዱ። ባዶውን የደንበኛ ወንበር ረጅም ጊዜ አዩት፤ ያዩት መስሏቸው ማለቴ ነው። ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ያ ምላጩ፣ ተመለሰ።

«እንዲህ ላለችዋ ካርታ አላወጣላትም። አባርራት ነበር። አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም የነገረሽን ወረቀት አትጠይቂ፤ እናትሽ ሌላ፣ አንቺ ሌላ፤ ይልቅ ልብስሽን ልበሺና ውጪ እላት ነበር።»

«ሰማች?» አልኩ።

«ሰምታለች» አሉ። «ባለጌ ናት፣ ግን ሰምታለች።»

ሆስፒታል ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ካርታውን ቤት አስቀምጠው እንዲመጡ ተስማምተን ነበር፤ እሳቸው ግን ካርታ ባይኖራቸው ሰው ማንበብ ጀመሩ። ቀዶ ሐኪሙን እጁን ዘርግቶ እንዲያሳያቸው አዘዙት። ዘረጋ። «አይንቀጠቀጥም፤ ጥሩ። ትናንት በደንብ ተኝተሃል?» አሉት። ነርሷን ደግሞ «ያ ሐኪም ወዶሻል፤ አትቸኩዪ» አሏት። ነርሷ ቀላች፤ ሐኪሙ ሳለ። በተሽከርካሪው አልጋ ሲገፏቸው ግን እጄን ያዙ፤ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ አልለቀቁም። በሩ ላይም ነርሷ ናት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቀችው።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የታከመው የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ሲነሣ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ነርሷ ቀስ ብላ ፈታችው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከፈቱ፣ እንባቸው ወረደ፤ ጠረጉት። መስኮቱን አዩ። ጣራውን አዩ። የራሳቸውን እጅ አገላብጠው አዩና «አርጅቻለሁ ለካ» አሉ።

ከዚያ እኔን አዩኝ። ለምስጋና ተዘጋጀሁ፤ አንገቴንም ትንሽ ደፋ አደረግኩ።

«አንተ! ይሄ ኮት ምንድን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«አንዱ እጅጌ ካንዱ ያጥራል! ትከሻውስ? አንተ እኮ ጎባጣ አይደለህም! ቁልፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው! ማን ነው እንዲህ ያለ ጉድ የሰፋልህ? ንገረኝ፣ ሄጄ ነው የማናግረው!»

ነርሷ አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እርስዎ ነዎት እትዬ» አልኩ። «ካቻምና።»

ጎንበስ ብለው እጅጌዬን ሳቡና ስፌቱን አገላበጡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አሉ። «ይሄን ለብሰህ ሥራ ትሄዳለህ? ሰው ፊት ትቀርባለህ?»

«ሰርግም ሄጄበታለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሞቃላ» አልኩ።

ያቺ አዲሷ ዓይናቸው እንደገና ሞላች። «አውልቅ» አሉ። «አሁኑኑ አውልቅ፤ እፈታዋለሁ፣ እንደ ሰው አድርጌ እሰፋዋለሁ።»

«አላወልቅም» አልኳቸው።